ኢድሪስ ከሆንክ አራትን ተጫን

ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ያወዳድራል። ፍየል ከበግ፣ ቤት ከቤት፣ ሲከፋውም የራሱን ልጅ ከጎረቤት ልጅ። የንግድ ስልክ ፕሮግራምን ኢንተርኔት ላይ ካለ የሥዕል መሥሪያ ጋር ያወዳደረ ሰው ግን ከእኔ ሌላ ካለ እባካችሁ አገናኙኝ፤ ሻይ እጋብዘዋለሁ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን ሳደርግ ነው የከረምኩት። ጤነኛ ነኝ፣ ሐኪምም አይቶኛል። ሐኪሙ ያየኝ ለወገቤ ነው እንጂ ለዚህ አይደለም።

የምሸጠው ፍራሽ ነው። ሱቄ ሞያሌ ነው፣ በኬንያው በኩል፣ ከመኪና ማቆሚያው ትንሽ ወረድ ብሎ። ስልክ ሦስት አለኝ። አንዱ የኬንያ፣ አንዱ የኢትዮጵያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ ባትሪ ሲጨርሱ የሚያገለግል፣ ቁጥሩን እኔም የማላውቀው። አንዱ ሲጠራ ሌላውን አነሳለሁ። አንድ ጊዜ ከዳበል መንደር ሰርግ ያለባቸው ሰዎች ስድስት ፍራሽ ፈልገው ቀኑን ሙሉ ደውለው አጡኝና ከሌላ ሱቅ ገዙ። ሙሽሮቹ በሰው ፍራሽ ተዳሩ። ባለቤቴ ሐሊማ ይህን ከሰማች ወዲህ ሰላም አልሰጠችኝም።

ሐሊማ ናይሮቢ እህቷ ጋ በሄደች ጊዜ አንድ ሱቅ ስትደውል “እንኳን ደህና መጡ፣ ለሽያጭ አንድን ይጫኑ” የሚል ድምፅ ተቀብሏታል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲደውልልኝና ሳላነሳ ባየች ቁጥር “አንድን ይጫኑ” እያለች ታሾፍብኛለች። በሌላ በኩል የሱቁ ታፔላ ዝጎ ፊደሉ ከግማሽ በላይ ረግፏል። አዲስ መጤ ሲያነበው የምንሸጠው ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ ታፔላው ይቅደም አልኩ፣ እሷ ስልኩ ይቅደም አለች። ለታፔላው ኢንተርኔት ላይ የሥዕል መሥሪያ፣ ለስልኩ ደግሞ ደዋዩን የሚቀበል ፕሮግራም አለ፤ ሁለቱም በወር ያስከፍላሉ።

“ለሁለቱም በየወሩ አንከፍልም” አለች በመጨረሻ። “ሞክራቸውና የሚጠቅመንን አንዱን ምረጥ። ደግሞ እንደ ልማድህ ዓመት እንዳይፈጅብህ።”

እኔ ነገር መምረጥ አልችልም። ምግብ ቤት ገብቼ አስተናጋጁ እስኪቆጣኝ ድረስ ዝርዝሩን አገላብጣለሁ። ስለዚህ በአንድ ጠዋት ለሁለቱም ተመዘገብኩ፤ ሁለቱም አሥራ አራት ቀን በነጻ ያስሞክራሉ። ደብተር ገዛሁና መሃሉ ላይ መስመር አሰመርኩ። በግራ ስልክ፣ በቀኝ ሥዕል። የመጀመሪያው ጥያቄ “ለመልመድ የቱ ይቀላል?” የሚል ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ጥያቄዬ “የቱ ይበልጥ ያናድዳል?” ሆኖ ነበር።

ሁለቱም ፕሮግራሞች በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። የድርጅትዎ ስም?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ። ሱቁን የከፈትነው ከታናሽ ወንድሜ ከኢድሪስ ጋር ነው። ስሙን “ወንድማማቾች ፍራሽ ቤት” ያልነው ሌላ ስም ስላልመጣልን ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠራን። ከሦስት ዓመት በፊት ኢድሪስ ወደ ኢትዮጵያው በኩል እንዛወር አለ፣ እኔ እምቢ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ማንም ወንድማማች የሚጨቃጨቀው ነው። ግን ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ተቀምጠው እያዩን “አንተ እኮ ያለ እኔ አንዲት ትራስ እንኳ መሸጥ አትችልም” አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። ኢድሪስ በእጁ ይዞት የነበረውን ሜትር በጥንቃቄ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። በወሩ ከድንበሩ ማዶ የራሱን ፍራሽ ቤት ከፈተ። ከእኔ ሱቅ እስከ እሱ ሱቅ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በሦስት ዓመት አንድም ቀን አልሄድኩም። እሱም አልመጣም።

ስሙ ይቀየር አይቀየር አስቤበት አላውቅም ነበር። ታፔላው እየዘገ ስለነበር ዝገቱ ይወስንልኛል ብዬ ይመስለኛል።

ስልኩ ላይ ቶሎ ወሰንኩ፤ ወሰንኩ ማለት ይከብዳል፣ አምልጦኝ ነው። ፕሮግራሙ ቃልህን ቅዳ ሲለኝ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና “አሰላሙ አለይኩም፣ ወደ ወንድማማቾች ፍራሽ ቤት እንኳን ደህና መጣችሁ። ለአማርኛ አንድን፣ ለኦሮምኛ ሁለትን፣ ክዋ ኪስዋሂሊ ቦኜዛ ታቱ” አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ስሙን መጥራቴን ያስተዋልኩት። እንደገና ልቀዳው አሰብኩ። ግን ያን አንዱን ለመቅዳት አሥራ አራት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ በአንዱ ላይ ፍየል ጮኻለች፣ በአንዱ ላይ ሐሊማ ስቃለች። ተውኩት።

ሥዕሉ ላይ ግን ጊዜ ነበረኝ። ይህ ሥዕል መሥሪያ እንደ ፎቶ አይደለም። ሁሉ ነገር በነጥብና በመስመር የተያያዘ ነው፤ የቲማቲም ያህል ብታደርገው የቤት ያህል ብታደርገው አይደበዝዝም። አንዱን ነጥብ ስትጎትት ግን መስመሩ በማታስበው በኩል ያብጣል። ፍራሽ ለመሣል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ሐሊማን ጠራኋት። ከላፕቶፑ ራቅ ብላ፣ ቀረብ ብላ አየችውና፣

“ዳቦ መሸጥ ልንጀምር ነው?” አለችኝ።

ነጥቦቹን ደግሜ ጎተትኩ። ዳቦው የተኛ ጅብ ሆነ። ጅቡን ሳስተካክል መልሶ ዳቦ ሆነ፤ ይሻላል ብዬ ትራስ ጨመርኩበት። ከሥሩ ስም ስጽፍ መጀመሪያ “ወንድማማቾች ፍራሽ ቤት” ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ አየሁት። ፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር በጎኑ ትንሽ የዓይን ምልክት አለው፤ ዓይኑን ስትጫነው ነገሩ ከፊትህ ይጠፋል። “ወንድማማቾች” የሚለውን ዓይኑን ጨፈንኩት። “ፍራሽ ቤት” ብቻ ቀረ። ንጹሕ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ፤ ቀለል ማለቱ ደግሞ አሳፈረኝ። ለባነር አታሚው ለዓሊ ላክሁለትና ላፕቶፑን ዘጋሁ።

በዚያው ሳምንት ስልኩ ሥራ ጀመረ፣ ከተማውም ከስልኩ ጋር መጣላት ጀመረ። የእኛ ሰው ስልክ ሲያነሳ ጤና ይጠይቃል። ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ልጆቹን ይጠይቃል። የእኔ ማሽን ደግሞ ሰላምታውን ሳይመልስ አንድን ተጫን ይላል። ከጎዶማ ግመል የሚያመጡት ሐጂ ኑር፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን እየመቱ ሱቅ ድረስ መጡ።

“ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አጠፋሁህ?”

“ምነው ሐጂ?”

“ሰላም ብዬ ብጠይቅህ በየትኛው ቋንቋ እንደምናገር ትጠይቀኛለህ። እያወቅኸኝ! እኔም ተናድጄ ሁሉንም ቁጥር ተጫንኩ።”

“ማሽን እኮ ነው ሐጂ፣ እኔ አይደለሁም።”

“ድምፅህ ነው። ድምፅህ ከሆነ አንተ ነህ።”

ይህን በደብተሩ በየትኛው በኩል እንደምጽፈው ጨነቀኝ። ያም ሆኖ ፍራሽ መሸጡ አልቀረም፤ ከኦዳ ሁለት ደንበኛ፣ ከዳበል አንድ በስልኩ በኩል መጡ። ሐሊማ ደረቷን ነፍታ ትዞር ጀመር።

በሰባተኛው ቀን ፕሮግራሙ ማን ደወለ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ተጫነ የሚል ዝርዝር ላከልኝ። ከሁሉም በላይ የደወለው አንድ የማላውቀው ቁጥር ነው። አሥራ አንድ ጊዜ። ሁልጊዜ ቃሉን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፣ አንድም ቁጥር አይጫንም፣ ይዘጋል። መጀመሪያ ሌባ ነው አልኩ፤ ሱቁ ሰው እንዳለበት እያጣራ ነው። ቀጥሎ ተፎካካሪ ነው አልኩ፤ ጥበቤን ሊሰርቅ ነው። ጥበቤ ምን እንደሆነ ሐሊማ ጠየቀችኝ። ተመልሼ ቁጥሩ ላይ ስደውል አይነሳም።

ቁጥር ሳይጫኑ ዝም ካሉ ማሽኑ መልእክት ይቀበላል። ከአሥራ አንዱ አንዱ ላይ አሥራ ሁለት ሰከንድ ድምፅ ተቀድቶ ነበር። ከሐሊማ ጋር ጆሯችንን ስልኩ ላይ ደፍተን ሰማነው። በርቀት የባጃጅ ጥሩምባ። ዝምታ። ከዚያ አንድ ሰው “እህ... እህም” አለ። ዘጋ።

ሐሊማ ቀና አለች። “ኢድሪስ ነው።”

“በምን አወቅሽ?”

“በሁለቱም ሞያሌ ስብሰባ የሚከፍት ይመስል ጉሮሮውን የሚጠርግ ሌላ ሰው አለ?”

መልሼ ሰማሁት። እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከጎኔ ቆሞ ዋጋ ከመናገሩ በፊት እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ደንበኛ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲጠብቅ ያናድደኝ ነበር። ያን ቀን አምስት ጊዜ ሰማሁት፤ አላናደደኝም። ወንድሜ አሥራ አንድ ጊዜ ደውሎ ያነጋገረው ማሽኑን ነው፤ ማሽኑም በእኔ ድምፅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚፈልግ ጠይቆታል።

አስተዋይ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ጫማውን አድርጎ ይሄዳል። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እኔ ግን ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ላፕቶፑን ከፍቼ ማሽኑ ላይ አንድ ምርጫ ጨመርኩ። “ለአማርኛ አንድን፣ ለኦሮምኛ ሁለትን፣ ክዋ ኪስዋሂሊ ቦኜዛ ታቱ። ኢድሪስ ከሆንክ አራትን ተጫን።” አራት በቀጥታ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ ያስጠራል። በጣም የረቀቅሁ መስሎኝ ነበር። ለሐሊማ አልነገርኳትም።

ሞያሌ ውስጥ ስንት ኢድሪስ እንዳለ የማወቅ ፍላጎት ያለው ካለ ይጠይቀኝ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በፊት ስልኬ ሲጠራ ከኪሴ ነጥቄ አነሳሁት።

“ሄሎ! ኢድሪስ ነኝ።”

“ኢድሪስ! ወንድሜ!”

“አዎ፣ ኢድሪስ ሾፌሩ። ቅናሽ አለ የተባለው ለእኛ ብቻ ነው?”

ከሾፌሩ ቀጥሎ ኢድሪስ መምህሩ፣ ቀጥሎ ስሟ ኢድሪስ ያልሆነ ግን የባሏ ስም ኢድሪስ የሆነ ሴት፣ ቀጥሎ ኢድሪስ ባይሆንም አራትን መጫን የወደደ አንድ ሰው። “ለኢድሪሶች ፍራሽ በነጻ ይሰጣል” የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። አንዱ መታወቂያውን ይዞ ሱቅ ድረስ መጣ። ሐሊማ ነገሩን የሰማችው ከእሱ ነው። ማሽኑ ላይ ደውላ ቃሉን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነተኛው ኢድሪስ ግን አልደወለም። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም። ያ ቁጥር ከዝርዝሩ ጠፋ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሐጂ ኑር እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ ከዘራቸውን አልመቱም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

“ወንድምህን ሰው ፊት አዋረድከው። ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን ደግሞ ስሙን በማሽን ለከተማው ሁሉ ለፈፍክ። ሰው ‘ኢድሪስ፣ አራትን ተጫን’ እያለ እንደሚቀልድበት ታውቃለህ? ሱቁ ድረስ ሄደው እየሳቁበት ነው።”

ለእርቅ ያደረግሁት ነው አልኳቸው።

“እግርህን ያምሃል?” አሉኝ።

“አያመኝም ሐጂ።”

“ታዲያ?” ብለው ተነሥተው ሄዱ።

እሳቸው ሳይርቁ ዓሊ ባነሩን ተሸክሞ ደረሰ። ከልጁ ጋር በሁለት ጫፍ ይዘው ሱቁ ፊት ዘረጉት። ዳቦ የሚመስለው ፍራሽ አለ። ትራሱ አለ። ከሁሉም በላይ ግን በቀይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ “ወንድማማቾች” ይላል።

“ይህንን እኮ አጥፍቼዋለሁ!” አልኩት።

“አላጠፋኸውም” አለ ዓሊ፣ እንደ እኔ ያለ ደንበኛ ስንቱን ያየ ሰው በሚናገርበት ድምፅ። “ዓይኑን ነው የጨፈንከው። ፋይሉ ውስጥ እንዳለ አለ። የእኔ ኮምፒውተር ሲከፍተው ሁሉንም አወጣው። ካልፈለግኸው መሰረዝ ነበረብህ።”

ላወርደው፣ ድጋሚ አትምልኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የተዘረጋውን ቃል አየሁት። ስልኩ ላይ ሳላስብ ጠራሁት፣ ሥዕሉ ላይ አስቤ ደበቅሁት፤ በሁለቱም መንገድ ወጣ። ይህን ለማወቅ ሁለት ፕሮግራምና አንድ ደብተር ማስፈለጉ ያሳፍራል።

“ስቀለው” አልኩት ዓሊን። አራት ቁጥርን ከማሽኑ ሰረዝኩ። በዓይን መጨፈን አይደለም፣ ሰረዝኩ። ከዚያ ወጣሁ።

ድንበሩን በእግሬ ስሻገር ሰላም የማይለኝ አልነበረም፤ ግማሹም “ኢድሪስ ነህ እንዴ?” እያለ ይስቃል። ይገባኛል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። እየቀረብኩ ስሄድ እርምጃዬ ያጥር ጀመር። የምለውን ሳዘጋጅ ነበር፤ በአማርኛ ስጀምረው የንግድ ወሬ ይመስላል፣ እናታችን ባሳደገችን በኦሮምኛ ስጀምረው ደግሞ መሃል ላይ አቋርጬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

የኢድሪስ ሱቅ ጠባብ ግን ሥርዓት ያለው ነው። በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ኢድሪስ ለአንዲት ሴትዮ ስፖንጅ ይለካል። አየኝ። ልኬቱን አላቋረጠም። ሴትዮዋን ሸኝቶ፣ መቀሱን አስቀምጦ፣ ከዚያ ነው ፊቱን ያዞረው። ጢሙ ሸብቷል። ይህንን ማንም አልነገረኝም ነበር።

“አሰላሙ አለይኩም” አልኩ።

“ወአለይኩም ሰላም።”

ወንበሩ ላይ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። ኢድሪስ ወደ ውስጥ እንግባ ሊል ፈልጎ እጁን ወደ ጓዳው ዘረጋ።

“አይ፣ እዚሁ ይሁን” አልኩት። “ያን ቀን ሰው ፊት ነው የተናገርኩህ። ትራስ መሸጥ አትችልም ብዬ። ውሸት ነው። አብረን ስንሠራ ደንበኛ አንተን ፈልጎ ነበር የሚመጣው፤ እኔ ዋጋ ስጠራ ይሸሻል። ይህንን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ስለማውቀው ነው ያልኩት። አፉ በለኝ።”

ከሰዎቹ አንዱ “አላህ ያስማማችሁ” አለ።

“ያንን አራት የሚባለውን ነገር ማን መከረህ?” አለኝ ኢድሪስ።

“ማንም። ከራሴ ነው።”

“አውቄዋለሁ” አለ፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ ሊመጣ ሲል ያዘው። “ሁለት ቀን ሱቅ ዘግቼ ነበር በአንተ ምክንያት።”

“ለምን ትደውል ነበር ግን? ለምን አልተናገርክም?”

“አንድ ሰው ስሙን እንደጠራኸው ነገረኝ። ወንድማማቾች አለ አለኝ። አላመንኩትም፣ ደወልኩ። እውነት ሆነ። ከዚያ ያጠፋው እንደሆነ ብዬ በማግስቱ ደወልኩ። በማግስቱም፣ ጠዋትም ማታም። አንዴ ልናገር ብዬ ነበር፤ ማሽን ጋ ምን ይባላል?”

መጥቶ እጄን ያዘኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ስለ ሱቆቹ ምንም አልተባባልንም። እሱ ወደዚህ አይመለስም፣ እኔም ወደዚያ አልሄድም፤ ያ አልቋል። ብቻ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠልኝ።

ስፖንጅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጣ ቁርጥራጮቹን ትደረድራለች። መወለዷን ሰምቼ ነበር። ሁለት ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ ሐሊማ ሄጄ ልጠይቅ ብትለኝ ተቆጥቼ ከልክያታለሁ።

“አቤራሽ ነው” አላት ኢድሪስ፣ የአባትሽ ወንድም ማለቱ ነው። “ሰላም በይው።”

ልጅቷ አየችኝ፣ አልወደደችኝም፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አልፈረድኩባትም። መሬት ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ወገቤን ያያችሁ ብትሆኑ ታደንቁኝ ነበር።

በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። ሐሊማ ናት። ሱቁን ለማን ትቼ እንደወጣሁ ልትጠይቅ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰላም ሳልላት ስልኩን ለኢድሪስ ሰጠሁት።

“ሐሊማ” አላት። “እኔ ነኝ። ምሳ እኛ ጋ ነው። እሱን አትጠብቂው፣ ዘግተሽ አንቺም ነይ።”

ኢድሪስ ስልኩን መለሰልኝ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ሐሊማ አፍንጫዋን እየጠራረገች ነበር።

“ባዶ እጄን አልመጣም” አለችኝ። “ልጅቷ ምን ትወዳለች?”

አላውቅም ነበር። ቀና ብዬ ኢድሪስን ጠየቅሁት።